የአሮጌው ሎደር ካምቢዮ

"ያዢው! ሰንሰለቱን እንዳትለቂው!"

ልጅቷ ሰንሰለቱን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ኋላዋ ዘመም አለች። ማርሾቹን የያዘው ካምቢዮ ከሎደሩ ሆድ ወጥቶ ትንሽ ተወዛወዘና እንጨቱ ላይ አረፈ። መካኒኩ ከሥር እየተሳበ ወጣ። ሰው ሲቸኩል ባየ ቁጥር ከአፉ የሚወጣው አንድ ቃል ስለሆነ ሰፈሩ ቀስበል ይለዋል።

ሎደሩ የአባቷ ነው። የድንጋይ ካባው ውስጥ የሚሠራው በእሱ ነው፤ ቤቱም የሚኖረው በእሱ ነው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ አባትየው ጉልበታቸው ሲደክም መሪውን የያዘችው እሷ ናት። ትናንት ሎደሩ ድንጋይ ተሸክሞ ድንገት ቆመ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይዞርም።

ቀስበል ክዳኑን ፈትቶ አነሳ። የተቃጠለ ዘይት ሸተተ። ዘንጉ የሚዞርበትን ኩሽኔታ አውጥቶ ወደ ብርሃን አዞረው፤ ብረቱ በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል።

"ዘይት ነበረው?"

"ነበረው። ጠዋት ጠዋት የማየው እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ሆዱ ሞልቶ ጉሮሮው ለምን ደረቀ?" ትንሽ አሰበ። "ቁልቁለቱን እንዴት ነው የምትወርዱት?"

"ሞተር አጥፍተን ነዋ። አባዬ ናቸው ያስተማሩኝ። ቁልቁለት ነዳጅ አይጠይቅም ይላሉ።"

ቀስበል ኩሽኔታውን አስቀመጠ።

"ዘይቱን ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተር ነው። ሞተሩን ስታጠፊ ጎማው ማርሹን ያዞረዋል፣ ዘይት ግን አይደርሰውም። ወንዝ ዳር ቆሞ በውኃ ጥም እንደ መሞት በይው።"

ልጅቷ ኩሽኔታውን አነሳችና አየችው። ስንት ጊዜ እንደወረደች ታውቃለች።

"ስሚኝ፣ እህቴ። ለሽማግሌው አርጅቶ ነው እንበላቸው። ማን ይጣላል?"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እንገጥመዋለን።"

"ስንገጥመው መጀመሪያ የሚነዱት እሳቸው ናቸው። በዚያው ቁልቁለት።"

ቀስበል ጭንቅላቱን አከከ። መለዋወጫው የሚገኘው ከካባው አጥር ጥግ ከወደቀ አንድ ተመሳሳይ ሎደር ብቻ ነው። ሌላ በአካባቢው የለም። ያም ከተቃጠለ ይህ ሎደር የሚሸጠው በብረትነቱ ነው።

አባትየው ከሰዓት በኋላ መጡና አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ጋሼ፣ መቼስ ዕድሜ..." ብሎ ቀስበል ጀመረ።

"ዕድሜ አይደለም" አለች ልጅቷ። የተቃጠለውን ኩሽኔታ አባቷ መዳፍ ላይ አኖረችው። "ቁልቁለቱ ነው አባዬ። ሞተር አጥፍተን ስንወርድ ዘይት አይደርሰውም።"

"እኔ ይህን ማሽን ስነዳ አንቺ አልተወለድሽም።"

"አውቃለሁ።"

"ይህን ሁሉ ዘመን ችሎ ዛሬ ከፋው?"

"ዛሬ አይደለም። ሲበላው ኖሮ ዛሬ ጨረሰው።"

አባትየው ኩሽኔታውን በጣታቸው ሊያዞሩት ሞከሩ። አልዞረም። "ማን ነው እንዲህ ያለሽ? ይሄ ነው?"

"እኔ እንኳ ዕድሜ ነው ልል ነበር" አለ ቀስበል።

"አንተ ድሮም ፈሪ ነህ።"

ተነሥተው ሄዱ። ካምቢዮው ተሠርቶ እስኪያልቅ ልጃቸውን አላናገሯትም። ሰላምታዋንም የሚቀበሉት ራሳቸውን በመነቅነቅ ብቻ ነበር።

እሷ ሥራዋን አላቆመችም። ከወደቀው ሎደር ማርሾቹን ፈታች፣ በናፍጣ አጠበች። ቀስበል የፍሪሲዮኑን ሸራዎች ዘይት ውስጥ ነክሮ አሳደራቸው፤ በደረቁ ከገቡ በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላሉ። ከዚያው ሎደር የወጣውን ኩሽኔታ በጋለ ዘይት አሞቀው። መዶሻ ሳይነካው ዘንጉ ላይ ተንሸራትቶ ተቀመጠ።

"ልትመቺው ፈልገሽ ነበር፤ እጅሽን አይቼዋለሁ" አላት።

"ፈልጌ ነበር።"

"ቀስ በይ።"

ሎደሩ በተነሣበት ቀን አባትየው ማንንም ሳይጠይቁ ወጥተው መቀመጫው ላይ ተቀመጡ። ልጅቷም ወጥታ ከጎናቸው ቆመች። ወደ ፊት ሄደ። ወደ ኋላም ሄደ። ቀስበል ከሥር ጎንበስ ብሎ አየ፤ ጠብታ የለም። እጁን አወዛወዘላቸው።

ቁልቁለቱ አፍ ላይ ሲደርሱ አባትየው ሎደሩን አቆሙ። ታች ጭነት የሚጠብቁ መኪኖች ተሰልፈዋል። የአባትየው ቀኝ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ሞተር ማጥፊያው ሄደ። የልጅቷ እጅ ቀድሞ ደርሶ ማጥፊያውን ሸፈነው።

"እጅሽን አንሺ።"

"አላነሳም።"

"የማን ማሽን ነው?"

"የእርስዎ። ለዚህ ነው የማላነሳው።"

አባትየው ቀና ብለው አዩዋት። ከታች አንድ ሾፌር ጥሩምባ ነፋ። አልዞሩለትም። ቆይተው አንደኛ ማርሽ አስገቡና ፍሬኑን ለቀቁ። ሎደሩ እያጉረመረመ መውረድ ጀመረ።

መሐል ላይ ሲደርሱ "ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል" አሉ።

"ዝም ከሚል ይጩህ፣ አባዬ።"

አባትየው ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሱም። አፋቸው ጫፍ ላይ ግን ፈገግታ የመሰለ ነገር አየች። ሆኖም ሎደሩ ሜዳው ላይ እስኪቆም ድረስ እጇን ከማጥፊያው ላይ አላነሳችም።