የፍሪሲዮኑ ጨዋታ

ሐብተማርያም ከመኪናው ጋር የተጣላው ናይሮቢ፣ ሊሙሩ መንገድ ላይ ነው፤ ጊጊሪ ካለው መሥሪያ ቤቱ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ሰው ሁሉ ኑሮውን በሚረግምበት የመኪና ጃም ውስጥ። መኪናው ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፤ ደግሞ ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል። በሄደ በቆመ ቁጥር ግራ እግር ፍሪሲዮን መርገጥ አለበት። የዚያን ዕለት ግን ፔዳሉ አልወርድም አለው። የዛገ የግቢ በር እንደ መግፋት ሆነበት። ሞተሩ ጠፋ፣ ከኋላው ያለው ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ጡሩምባውን ለቀቀበት፣ ረዳቱም በመስኮት ብቅ ብሎ በስዋሂሊ አወረደበት። ሐብተማርያም ከስድቡ ግማሹ ስላልገባው ፈጣሪውን አመሰገነ።

መቼም መሐንዲስ ነው። የውኃ መሐንዲስ። አንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የስንቱን አገር ቧንቧ ሲያስተካክል ኖሯል። የሥራ ባልደረቦቹ በሙሉ አውቶማቲክ ሲነዱ እሱ ማርሽ ካልቀየረ የነዳ አይመስለውም። መኪናዋ አሮጊት ናት፤ ልጁ ሐሊና አፍ ሳትፈታ የተገዛች። በነጋታው አንድ ፉንዲ ዘንድ ወሰዳት፤ እዚያ መካኒኩ ሁሉ ፉንዲ ነው የሚባለው። ፉንዲው ገባ፣ ረገጠ፣ ደግሞ ረገጠ። «ምዜ፣ ኢኮ ሳዋ» አለው። ሽማግሌው፣ ደህና ናት እኮ ማለቱ ነው። ሐብተማርያም ከ«ደህና ናት» ይልቅ «ሽማግሌው» የምትለዋ ከነከነችውና ተቆጥቶ ወጣ።

ንዴቱ ሲበርድለት ግን ሌላ ነገር መጣበት። መኪናዋ ደህና ከሆነች የከበደው ምንድን ነው? እዚህ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ልቡ ድንግጥ ይላል። አባቱን ነገሩ የጀመራቸው በግራ እግራቸው ነበር። መጀመሪያ ነጠላ ጫማቸው ሳይታወቃቸው ከእግራቸው እየወለቀ ይቀር ጀመር፤ ቤተሰቡም ሳቀ። ቀጥሎ ደረጃው አቃታቸው። በመጨረሻ አልጋ ላይ ዋሉ፣ ከዚያ ወዲያ አልተነሡም። አጥባ፣ አገላብጣ፣ በማንኪያ አጉርሳ ያስታመመቻቸው ደግሞ የሐብተማርያም ሚስት ታየች ናት። እንግዲህ ያንን ሁሉ ያየች ሴት ፊት «እግሬ ከበደኝ» ተብሎ እንዴት ይወራል? ሐብተማርያም ፈራ። በጣም ፈራ። ስለዚህ ጥፋተኛዋ መኪናዋ መሆን ነበረባት፤ መኪና ይጠገናል።

ቅዳሜ ጠዋት ሩንዳ ሰፈር ካለው ቤታቸው ጓሮ አቆማትና እጅጌውን ሰበሰበ። ጀርባውን ወለሉ ላይ፣ ጭንቅላቱን ከመሪው ሥር፣ እግሮቹን ከበሩ ውጭ አድርጎ ተጋደመ። ፔዳሉ የሚዞርበትን ፒን ግሪስ በግሪስ አደረገው። ፔዳሉን ከፍሪሲዮኑ የሚያገናኘውን ሽቦ በአዲስ ቀየረ። ከዚያ ተነሥቶ ቁጭ አለና ረገጠው፤ ቅቤ ሆኗል። ደስ ብሎት ለብቻው ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ታየችን ገበያ አድርሶ ሲመለስ ግን ፔዳሉ እንደገና ከበደው። ጠዋት ቀላል፣ ማታ ከባድ! ሙቀት ይሆናል አለ፤ ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። እሑድ ዝናብ ዘንቦ ሲበርድም ያው ሆነ። እንግዲያው ብርድ ይሆናል አለ። መሐንዲስ ምክንያት አያጣም።

ግራ ሲገባው የጆሮ ማዳመጫውን ሰካና እንደገና ከመሪው ሥር ገብቶ ለዓለምሰገድ ደወለ። ዓለምሰገድ አዲስ አበባ ጋራዥ ያለው የልጅነት ጓደኛው ነው።

«ጨዋታዋን አየህ ወይ?» አለ ዓለምሰገድ። መካኒኮች ጨዋታ የሚሉት ፔዳሉ ሥራ ሳይጀምር በባዶው የሚወርዳትን ትንሽ ቦታ ነው።

«ምን ጨዋታ አላት!» አለ ሐብተማርያም። ጆሮው ስለተደፈነ መጮሁ አልታወቀውም። «ድሮ ነበራት። አሁን ገና ስነካት ነው ግትር የምትለው። ከብዳኛለች ስልህ፣ ዓለሜ! ማታ ማታማ ጨርሳ አትቻልም።»

ዓለምሰገድ ለምን በሌላ አይቀይራትም አለው።

«መቀየሩንማ አስቤ ነበር። ግን በዚህ ዕድሜዬ ከአዲስ ጋር ልላመድ? ደግሞ ሐሊናም ትወዳታለች፤ ምን ብዬ ከቤት አወጣታለሁ? አሮጊትም ብትሆን ታማኝ ናት። እስቲ ትንሽ ላለዝባትና ካልሆነ ያኔ እቆርጣለሁ።»

ሲወጣ ኮፈኑ ላይ የሻይ ብርጭቆ አገኘ። ቀዝቅዟል። ታየች መጥታ እንደነበር ገባው፤ ለምን ሳትጠራው እንደተመለሰች ግን አልገባውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚገባው ነገር ጠፋ። ታየች እራት ላይ ለእሱ ጥብሱን አቅርባ ለራሷ ጎመንና ቲማቲም ከትፋ ተቀመጠች። «ጾም ነው እንዴ?» ቢላት «አይደለም» አለችው። በማግስቱ ቀልድ አመጣች። ታየች ደግሞ ቁም ነገር እንጂ ቀልድ የሚሆንላት ሴት አይደለችም፤ መጨረሻውን አስቀድማ ተናገረችና መጀመሪያው ጠፍቷት መሀል ላይ ቆመች። «ሳቅ እንጂ» አለችው። ሳቀላት። «አየህ፣ ጨዋታ አውቃለሁ» አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሐብተማርያም የጋብቻችንን ቀን ረስቼ ይሆን ብሎ ስልኩን ቢያይ ቀኑ ገና ነው።

ሐሊና ኮሪደሩ ላይ ያዘችው። ናይሮቢ ያደገች ልጅ ናትና ሦስት ቋንቋ ሳትቀላቅል አንድ ነገር ተናግራ አትጨርስም።

«ዳዲ፣ ሲሪየስሊ፣ ማሚን ምን ብለሃት ነው?»

«እኔ ምን አልኳት?»

«ሃኪ ያ ሙንጉ፣ እግዜርን፣ ቀኑን ሙሉ ወፍሬያለሁ ወይ፣ አርጅቻለሁ ወይ እያለች ነው። ስኒከሬንም ወስዳለች።»

እውነትም ማታ ላይ ታየች የልጇን ስኒከር አጥልቃ በሩ ላይ ቆመች። «ሰፈሩን ዞር ዞር ልል ነው። አብረን እንሂድ?» አለችው፤ አጠያየቋ ልምምጥ ነበረበት።

ሐብተማርያም ደነገጠ። አውቃለች! እግሬን ልታይ ነው፣ አስኪዳ ልትፈትነኝ ነው አለ በልቡ። ጎመኑም ቀልዱም ለዚሁ መሆን አለበት፤ እንዴት እንደሆነ ባይገባውም ለዚሁ ነው። «አይ፣ እኔ ካንቺ ጋር መሄድ አልችልም» አላት፤ ከፍርሃቱ የተነሣ ቃሉ ከረር ብሎ ወጣ። ታየች ብቻዋን ወጣች። እሱም በመስኮት እያያት፣ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ፣ አንዳች ነገር እንዳጠፋ ግን እያወቀ ቀረ።

በቀጣዩ ቅዳሜ የመጨረሻውን መላ ያዘ። ከፔዳሉ ሥር ሞላ ያስራል፤ ሞላው ፔዳሉን ወደ ታች እየሳበ እግርን ያግዛል። ከመለዋወጫ መሸጫ የገዛው ሞላ ስለረዘመበት በመጋዝ ቆርጦ አሳጠረውና ከመሪው ሥር ተጋድሞ አጥብቆ ሊያስረው ሲታገል የታየች እግር ከበሩ አጠገብ ቆመ።

«ቆርጠሃል?» አለችው።

«አዎ፣ ቆርጫለሁ» አላት፣ ጉጠቱን በጥርሱ እንደነከሰ። «ምን ላድርግ፣ ቀለል እንዲለኝ ብዬ ነው።»

«እንዲህ በቀላሉ?»

«ኧረ ቀላልስ አልነበረም። ስንት ታግዬ ነው።»

«ለሐሊና ምን ልትላት ነው?»

«ሐሊና ምን ቸገራት? እሷ ታክሲ ነው የምትጠራው።»

ከዚያ ከበላዩ ለቅሶ ሰማ። ሐብተማርያም ብድግ ሲል ጭንቅላቱ ከመሪው ጋር ተላተመ። ተስቦ ወጣና እጁ ግሪስ እንደሆነ ፊቷ ቆመ። ታየች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

«ከብዳኛለች አልክ። ጨዋታ የላትም አልክ። አሮጊት አልክ። እሺ፣ ሁሉንም ቻልኩት። ሰው ሁሉ በሚሰማው ጩኸት ልቀይራት አስቤያለሁ ትላለህ? ያውም ለዓለምሰገድ? ሚዜያችን ለነበረው ሰው?»

በሐብተማርያም አእምሮ ሻዩ፣ ጎመኑ፣ ቀልዱ፣ ስኒከሩ ተራ በተራ እየመጡ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ሳቁ አመለጠው። «ታዩዬ፣ ስለ መኪናዋ እኮ ነው! የፍሪሲዮኑ ጨዋታ! መኪናዋ ናት የከበደችኝ!»

«ውሸታም። መኪና ምን ጨዋታ አላት?»

«ነይ፣ አንቺው እይው። ይኸው ፔዳሉ፤ አላምን ካልሽ ራስሽ ተጫኚው።»

ታየች እንባዋን ጠራረገች። መኪና ነድታ አታውቅም፤ በእግር መርገጡን አላሰበችውም። ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋችና ፔዳሉን በመዳፏ ገፋችው። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። ለቀቀችው፤ ተመለሰ። በሁለት ጣቷ ገፋችው። ወረደ።

ቀና ብላ አየችው። «ይቺ ናት የከበደችህ?»

ሐብተማርያም ሳቁ ጠፋ። እሷ ከመምጣቷ በፊት ሞላውን አጥልቆ ሞክሮት ነበር፤ ከብዶት ነበር። አጥብቄ አላሰርኩት ይሆናል ብሎ ነው ተመልሶ የገባው። አሁን ምን ይበላት? እውነት ተናገርኩ እንዳይል ፔዳሉ በጣቷ ወርዷል። ዋሸሁ ቢላትና ሌላ ሴት አለችው ብላ ብታስብ ደግሞ፣ እፍረቱ እንኳ ቢኖርበት፣ ስለ እግሩ ከመናገር ያ እንደሚቀለው ታወቀው። ሰው የማያደርገውን ክፉ ሥራ ለመቀበል ሲዳዳው እንዴት ያለ ፍርሃት ቢኖርበት ነው?

«ታየች…» ብሎ ቆመ።

ምንም መጨመር አላስፈለገውም። ንዴቷ ከፊቷ ላይ ሲወርድ አየው። ዓይኗ ከፊቱ ወደ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ ወደ ግራ እግሩ ሄደ። ሰፈሩን አብሬሽ አልዞርም ያላት ለምን እንደሆነ አሁን የገባት እሷ ነበረች።

«ተቀመጥ» አለችው፤ በአባቱ አልጋ አጠገብ ያወቀው ድምፅ ነው።

መኪናዋ መቀመጫ ጠርዝ ላይ፣ እግሮቹን ወደ ውጭ አድርጎ ተቀመጠ። ታየች ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች። የግራ ጫማውን ፈታች፣ ካልሲውን አወለቀች፣ ውስጥ እግሩን መዳፏ ላይ አሳረፈች። እጇ ሞቃት ነበር።

«በል ግፋኝ» አለችው።

ሐብተማርያም መቀመጫውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ጥርሱን ነከሰ። የግንባሩ ሥር ተገተረ።

ታየች መዳፏን ዘርግታ ትንሽ ጠበቀች።

«ግፋ እንጂ» አለች። «ምን ትጠብቃለህ?»

ሐብተማርያም እየገፋ ነበር።