ጠቆር ያለ ሰማያዊ

የመኝታ ቤቴን ግድግዳ ጠቆር ያለ ሰማያዊ እንዲቀባልኝ ስነግረው፣ ቀለም ቀቢው ቃሉን እንደ በሽታ ስም ነው የሰማው።

«ጠቆር ያለ ሲሉ እትዬ… ምን ያህል ጠቆር ያለ?»

«መብራት ሲጠፋ ከጨለማው የማይለይ።»

«ለመኝታ ቤት?»

«ለመኝታ ቤት።»

ራሱን ነቀነቀና መሰላሉን ዘረጋ። ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ያገናኘችኝ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት፤ ቤተ ዘመዱ ሁሉ እታለም ይላታል። ምክንያቴን አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝ የማለዳ ፀሐይ ያስቸግረኛል እለው ነበር። እውነቱ ግን ባለቤቴ ካረፈ ጀምሮ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የምተኛው ሳሎን ሶፋ ላይ ነው። ያ ክሬም ግድግዳ አላስተኛ ብሎኛል። ወገቤና ሶፋው ደግሞ ከተኳረፉ ሰንብተዋል። ክፍሉ ሌላ ክፍል ከሆነልኝ ወደ አልጋዬ እመለሳለሁ ብዬ ነበር።

ከሥራ ስመለስ የመጀመሪያው እጅ ተቀብቶ አልቋል። መኝታ ቤቴ የሕፃናት ክሊኒክ መስሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሲደርቅ ይጠቁራል።»

«ነጭ ጨምረህበታል?»

ብሩሹን ጨርቅ ላይ ጠረገ። እንደገና ጠረገ። «ትንሽ ናት።»

«ስንት?»

«አንድ ጣሳ… ተኩል።» አንገቱን ደፋ። «ብቻዎን ነዎት እትዬ። አንጀቴ አልችል አለ።»

አልፈረድኩበትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ለእኔ ሲል ነጭ እየጨመረ ነው የኖረው። ሲደውሉልኝ ድምፃቸውን ያለዝባሉ፤ የሚሳቅበት ክፍል ስገባ ሳቁ ይቆማል፤ ሻይ እንኳ ቢደፋብኝ ሁለት ሰው ተነስቶ ይደግፈኛል።

«ነገ ነጭ የሌለበትን ትቀባልኛለህ» አልኩት።

በማግስቱ ከእታለም ጋር መጣ። ከስሶኛል ማለት ነው።

«አንቺ ሴትዮ!» አለች ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ። «ከሉን ከራስሽ አውልቀሽ ለግድግዳው ልታለብሽው ነው?»

«ሰማያዊ ነው እታለም።»

«ይሄ ነው ሰማያዊ?» ጣቷን ባልዲው ውስጥ ነክራ አወጣች፤ ከአንጓው በታች ጣት የሚባል ነገር አልቀረም። «ወንድሜ ቢያይ ምን ይላል?»

«መነጽሬ የት አለ ይላል።»

ቀለም ቀቢው ሳቁን ይዞ ከመሰላሉ ጀርባ ተደበቀ። እታለምም ከንፈሯን ሰበሰበች፤ ለመቆጣት እንጂ ለመሳቅ አልመጣችም።

ሥራው ተጀመረ። እሷ ወንበር ስባ በሩ ላይ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ተቀመጠች። ቆይታ «እዚያ ጋ አመለጠህ» አለች። ከዚያ ብድግ አለች። «ጥግ ላይ ነጭ ይታያል! ደህና አድርገህ አጥቁረው እንጂ፤ ምን ትለማመጠዋለህ?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ትናንት በስልክ…»

«ትናንት ትናንት ነው። ቅባ።»

ሁለት ቀን መስኮቱ ተከፍቶ ሽታው ወጣ። አንሶላ ለወጥኩ። እስከ አልጋው እየሄድኩ ትራስ አስተካክዬ መመለስ ሆነ ሥራዬ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እታለም ፍርዷን ልትሰጥ መጣች።

«ጋደም ብዬ ልየው» አለች ጫማዋን እያወለቀች። «ከጨነቀኝ በነጭ ይሸፈናል፤ ነግሬሻለሁ።» ሄዳ በእኔ በኩል ጋደም አለች።

«ጨነቀሽ?» አልኳት ከበሩ ላይ።

«ቆይ እንጂ፣ ገና ነው።»

ትንሽ ቆየሁ። «አሁንስ?»

መልሷ ማንኮራፋት ሆነ። ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ እያደገ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ሰው አለቀ ሲል በፉጨት ይወርዳል። ያንን ፉጨት አውቀዋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በክርኔ ስገፋው የኖርኩት ነው። በዘር የሚሄድ መሆኑን ግን አላወቅሁም ነበር።

ባዶ የቀረው በእሱ በኩል ያለው ቦታ ነው። መጋረጃውን ጋርጄ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ እንዳልቀሰቅሳት በጎኔ ገባሁ። ግድግዳው የት እንደሚጀምር አይታይም።

ሁለተኛው ፉጨት ላይ ስትደርስ በክርኔ ገፋ አደረግኋት። ዞር አለችና ቀጠለች። ሦስተኛውን የሰማሁት አይመስለኝም።