ሰባት ቮልት ለሰንበት

ኮምፒውተሩ ጎኑ ተከፍቶ ሳሎኑ ወለል ላይ ተጋድሟል። ኦስናት ከፊቱ ተንበርክካ፣ ቀጫጭን ሽቦዎች በጥርሷ ነክሳ፣ ማራገቢያውን ከቆርቆሮው ቀዳዳ ጋር ለማገጣጠም ትታገላለች። የሐምሌ ዓርብ ቀትር ነው። የሽኩና ዳሌት ሰፈር ሕንጻዎች መስኮታቸውን ጥርቅም አድርገው ከቤር ሸቫ ከተማ ፀሐይ ተደብቀዋል፤ እሷ ግን ላቧ በአገጯ እየተንጠባጠበ ፈገግ ትላለች። ሥራው ዛሬ ካልተሳካ መቼም አይሳካም፤ ይህን ማወቋ ከማስፈራት ይልቅ ልቧን ያዘልለዋል።

እሑድ ጠዋት ፊልሟን በዲስክ ይዛ የአኒሜሽን ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ መገኘት አለባት። ያለዚያ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ፊልሟ አምስት ደቂቃ አትሞላም፤ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አስልቶ ፊልም አድርጎ ለማውጣት ግን ኮምፒውተሩ ሌሊቱንም ቀኑንም ሳያቋርጥ መሥራት ይኖርበታል። ከያለበት በለቃቀመችው ዕቃ ራሷ የገጣጠመችው ይህ ማሽን ደግሞ በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ በሙቀት ታፍኖ መሐል ላይ ድርግም ብሎባታል። አሁን የቀራት ጊዜ ሰንበት ብቻ ነው። ሰንበት ደግሞ የአባቷ ነው።

አባቷ አቶ ዘርዑ ሰንበትን የሚያከብሩት እንደ ጎንደሩ ነው። ጎረቤቱ የምግብ ማሞቂያውን ከዓርብ ጀምሮ ለኩሶ ሲተው፣ በእሳቸው ቤት ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳትም መብራትም ይጠፋል፤ ወጡም ቀዝቅዞ ይበላል። በዚያ ላይ በጋውን የሚተኙት እዚሁ ሳሎን፣ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ነው። ትናንት ኦስናት ኮምፒውተሩ በሰንበት ሲሠራ እንዲያድር ስትለምናቸው በግድ ነበር የፈቀዱላት።

«ብርሃኑን ካላየሁት፣ ድምፁን ካልሰማሁት ይሁን» አሏት። «ሰንበት ከገባ በኋላ ግን እጅሽ አይነካውም። ቢጠፋም አይነካውም።»

«ፍሪጁስ ሰንበትን ሙሉ ሲያጉረመርም ያድር የለ?» ብለው እናቷ ወይዘሮ ሙሉመቤት ከወጥ ቤት ጣልቃ ገቡ።

«እሱን ለመልመድ ስንት ዓመት ፈጀብኝ! አሁን ደግሞ ሁለተኛ ፍሪጅ?»

«በሴደር፣ አባባ፣ እሺ!» ብላ ኦስናት አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ቃሏን የሰጠችው ግን እንዴት እንደምትጠብቀው ሳታውቅ ነበር። ማራገቢያ ሲፈጥን ያቀዘቅዛል፣ ግን ይጮኻል፤ ሲዘገይ ዝም ይላል፣ ማሽኑ ግን ይግላል።

የመጀመሪያው ሙከራ ቤቱን ወፍጮ ቤት አደረገው። ከኃይል ሳጥኑ ከሚወጡት ሽቦዎች ቢጫው አሥራ ሁለት ቮልት፣ ቀዩ አምስት ቮልት ይሰጣል፤ ጥቁሩ መመለሻ ነው። የፊቱንም የኋላውንም ማራገቢያ ከቢጫው ጋር ስታስራቸው ቆርቆሮው ራሱ ተንቀጠቀጠ። አቶ ዘርዑ ከጋደሙበት ቀና አሉ።

«ወንበሩን ነቅለው ወደዚህ አገር ያመጡን አውሮፕላን እንኳ እንዲህ አልጮኸም!»

«ሬጋ፣ አንድ ጊዜ፣ አባባ!»

ቢጫውን ነቅላ ቀዩን አሰረች። ጸጥ አለ። እጆቿን ልታጨበጭብ ስትል ስክሪኑ ላይ ያለው የሙቀት ቁጥር መውጣት ጀመረ፤ ስልሳ፣ ስልሳ አምስት፣ ሰባ። ሦስተኛው ማራገቢያ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው ትንሹ፣ ፍጥነቱን የሚወስንለት ማዘርቦርዱ ነው፤ ሙቀት ሲሰማው ያፈጥነዋል። እሱም እንደ ትንኝ ያፏጭ ጀመር። ሁለቱን ዝም ስታሰኛቸው ትንሹ ጮኸ። ማሽኑ ራሱን ሳያጠፋ ቀድማ አጠፋችው፤ ተናደደች፣ ንዴቷ ግን የሚያሯሩጥ ዓይነት ነበር።

በውትድርናዋ ጊዜ ሬዲዮ ስትጠግን የተማረችው ትዝ አላት። ማራገቢያው ጥቁሩን ትቶ በቢጫውና በቀዩ መካከል ቢታሰር የሚደርሰው የሁለቱ ልዩነት ብቻ ነው፤ ሰባት ቮልት። ሁለቱንም እንዲያ አሰረቻቸው። ድምፃቸው ለስለስ አለ፤ ትንሹ ግን አሁንም ያፏጫል። ቁጥሩ አልወርድም ብሏል። በመዝጊያው ስንጥቅ የምትገባው ፀሐይ ቀልታለች፤ እናቷም ወጥ ቤት እሳቱን እያጠፉ ነው።

ኦስናት ከሶፍት ላይ ስስ ቁራጭ ቀደደችና ከፊተኛው ማራገቢያ ፊት ያዘችው። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ተሳበ፤ ደግ ነው፣ ቀዝቃዛው አየር በዚያ ይገባል። ከኋላ ስትይዘው ወደ ውጭ ሊገፋ ሲገባው እሱም ከመረቡ ላይ ልጥፍ አለ። አንድ ጊዜ አየችው፣ ደግማ አየችው፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት።

«ምን ሆነች ይህች ልጅ?» አሉ እናቷ በር ላይ ቆመው።

«እማማ፣ መአቭሬሮቹ፣ ማራገቢያዎቹ! ሁለቱም ወደ ውስጥ ነው የሚነፍሱት! ሳምንቱን ሙሉ ሲጣሉ ከርመዋል! ገልብጬ የገጠምኩት እኔው ነኝ!»

ብሎኖቹን በጥድፊያ ፈትታ የኋላውን ማራገቢያ አዞረችው፣ አሰረችው፣ አስነሳችው። ስልሳ አራት። ሃምሳ ስምንት። ሃምሳ ሦስት ላይ ቆመ። ትንሹ ማራገቢያ ፉጨቱን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ማንም ሳያዘው ዝም አለ። ኦስናት በደስታ መሬቱን በመዳፏ ደበደበችው።

«ጠፋ እንዴ?» አሉ አባቷ።

«አልጠፋም!»

ፊልሙን አስጀመረች። ስክሪኑን አጠፋች፤ የማሽኑን ትንሿን አረንጓዴ መብራት በፕላስተር ሸፈነቻት። መብራቱ ሁሉ ጠፋ። «ሰንበት ሰላም» ተባባሉ፣ ቀዝቃዛውን እራት በሉ፣ እናቷ ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ኦስናት ፍራሿን ሳሎኑ ውስጥ ዘርግታ በጨለማው ጆሮዋን ቀሰረች።

ከፍሪጁ ማጉረምረም በቀር ምንም አይሰማም።

እስካሁን እንዲህ አልፈራችም። ይሠራ ይሆን? ወይስ ሞቷል? ብርሃን የለም፣ ድምፅ የለም፤ ሁለቱንም በገዛ እጇ አጥፍታቸዋለች። የስክሪኑ ቁልፍ አጠገቧ ነው። አንዴ ብትጫነው ታውቃለች፤ ጠፍቶ ከሆነም እንደገና ለማስነሳት ገና ጊዜ አለ። በሠራዊቱ ሳለች በስንት ሰንበት ስልክ ስትነካካ ቅር ብሏት አያውቅም። ጣቷን ዘረጋች። የቁልፉ ቅዝቃዜ በጣቷ ጫፍ ሊሰማት ጥቂት ሲቀረው ለአባቷ የሰጠችው ቃል ትዝ አላት፤ እጇን ሰብስባ ከብብቷ ሥር ከተተችው። ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

የአባቷ አልጋ ተንቋቋ።

«አንቺ ልጅ፣ አልተኛሽም?»

«አልተኛሁም፣ አባባ።»

«ይሰማሻል?»

«አይሰማኝም።»

«እኔም አልሰማው አልኩ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ያለው ጭንቀት አስገረማት። ከዚያ ባዶ እግራቸው ወለሉን እየዳሰሰ ሲመጣ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ከኮምፒውተሩ ጀርባ በርከክ ሲሉ፣ ጉልበታቸው ቀጭ ሲል ሰማች። ማሽኑን አልነኩትም። መዳፋቸውን ብቻ ከኋላው በአየር ላይ ዘርግተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ቆዩ። እሷም ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች።

«አለ» አሏት ቀስ ብለው። «ነፋሱ ይመጣል። ተኚ፣ እኔ አለሁ።»