የፊታውራሪው ኮቴ

የጉደሩ ልጅ ሞቱማ አዲስ ዓለም ላይ አስተማሪ ሆኖ የተመደበው በ1974 ዓ.ም. ነው። የሚከራይ ክፍል አጥቶ ሲንከራተት ቆይቶ፣ በመጨረሻ እትዬ ሸዋገነት ቤት አልጋ ከነቁርሱ አገኘ። ቤቱ በምኒልክ ዘመን የተሠራ ባለ ፎቅ ነው። ያሠሩት የእትዬ ሸዋገነት ባል አያት፣ አንድ ፊታውራሪ ናቸው።

«እዚያ ነው የምታድረው?» አሉት የትምህርት ቤቱ ሰዎች። «ፊታውራሪው እኮ ፎቁን አልለቀቁም። ማለዳ ማለዳ ይንጎራደዳሉ።»

ቀበሌው ቤቱን ለጽሕፈት ቤት ፈልጎት ነበር። ሊለኩ የገቡት ሰዎች ግን ኮቴውን ሰምተው ሜትራቸውን ጥለው ሮጡ ይባላል። ከዚያ ወዲህ የሞከረ የለም።

ሞቱማ የሳይንስ አስተማሪ ነውና ሳቀ። አንድ ማለዳ ግን እሱም ከራሱ በላይ ኮቴ ሰማ። ከባድ ነው፤ ዝግ ብሎ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሄዳል፣ ይመለሳል። መፍራቱ አሳፈረውና በባዶ እግሩ ደረጃውን ወጥቶ በሩን ገፋ አደረገው።

እትዬ ሸዋገነት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ የሟች ባላቸውን ቦት ጫማ ተጫምተው ይንጎራደዳሉ።

«አየኸኝ» አሉ። ከመደንገጥ ይልቅ የደከማቸው ይመስሉ ነበር። ሣጥን ላይ ተቀምጠው ጫማውን ማውለቅ ጀመሩ። «ባለቤቴ ግራዝማች ከሞቱ ወዲህ ያለኝ ይሄ ቤት ነው። እሱን ከወሰዱብኝ የሚቀረኝ የማርያም ደጅ ነው። ሰዉ መንፈስ አለ ሲል ሰማሁ፤ እኔም እግሬን አዋስኩት።»

«እኔ ምንም አላየሁም፣ እትዬ።»

«ማልልኝ።»

«እናቴ ትሙት!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ልጃቸው ያዩት ጀመር። ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልተ?» እያሉ በአፍ መፍቻው በኦሮምኛ እንዴት እንዳደረ ይጠይቁታል፤ ጨጨብሳውን ቅቤ አብዝተው ያቀርቡለታል።

አንድ ቀን ዝናብ አስተማሪዎቹን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ዘጋባቸው። የታሪክ አስተማሪው ቦጂያ ሞቱማን ከእግር እስከ ራሱ አየውና «የሳይንሱ ሰው ከስቷል። ፊታውራሪው እንቅልፍ ነሥተውታል መሰለኝ» አለ። ሁሉም ሳቁ። ደስታነሽም ሳቀች። ደስታነሽ እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ሞቱማ እሷ ባለችበት ሁሉ ሰውነቱ አይታዘዝለትም።

በእሱ ላይ ስትስቅ ማየቱን አልቻለም። ብድግ አለ። ካፖርቱን ወገቡ ላይ አሰረና እግሩን እየጎተተ፣ ወለሉን እየደበደበ ተንጎራደደ፤ የሚያውቀውንም ዘረገፈው። ደስታነሽ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ደወሉ እስኪደወል ድረስ ከእሱ የበለጠ የተደሰተ ሰው አልነበረም።

ክፍል ገብቶ ጠመኔ ሲያነሣ የማለባት እናቱ ትዝ አለችው። ክፍለ ጊዜው እንዳለቀ ሮጦ ተመለሰ።

«ያ ነገር በመካከላችን ይቅር።»

«ለማን እንነግራለን?» አለ ቦጂያ።

ሳምንት ሳይሞላ ቀበሌዎቹ መጡ። ዱሮ ኦቦ ተሬፋ፣ አሁን ጓድ ተሬፋ የሚባሉት ሊቀ መንበር ራሳቸው ፎቁ ላይ ወጡ። ሳቃቸው እስከ መንገዱ ተሰማ።

ሞቱማ በቀበሌው ስብሰባ ላይ እጁን አወጣ። «ወሬው ሐሰት ነው። መንፈሱ አለ። እኔ ራሴ ሰምቼዋለሁ» አለ።

«ጓድ መምህር፣ ልጆቻችንን የሚያስተምሩት ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁት ተሬፋ።

«ሳይንስ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ደስታነሽ ብቻ አልሳቀችም፤ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። ኋላ ቀር እምነት በማሰራጨትህ ግለ ሂስ አድርግ ተባለ፤ አደረገ። ቤቱን የመውሰዱ ውሳኔ ግን አልተለወጠም። ለእትዬ ሸዋገነት የጓሮው ማድ ቤት ተሰጣቸው።

ሞቱማ ከስብሰባው ወዲህ ትምህርት ቤት እያደረ ከእሳቸው ተሸሽጎ ነበር፤ ዕቃቸውን በሚያወጡበት ቀን ግን ሄደ። ሲያዩት ፊታቸው በራ።

«ሞቱማ! ለእኔ ብለህ በስብሰባው ፊት ተዋረድክ አሉኝ። ደግሞ የነገረው እሱ ነው የሚል አለ! በእናቱ ምሎልኛል፣ እሱ አይደለም ብዬ ስንቱን ተጣላሁት። ማን ይሆን ግን?»

«እንጃ» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። ቢለው ያምኑት ነበር።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ። «ሰው ላስቅ ብዬ።»

«ልታስቅ» አሉ ቀስ ብለው። «ብትዋሸኝ ይሻለኝ ነበር።»

ጎንበስ ብሎ የብረት አልጋውን አንድ ጫፍ አነሣ። ግቢው ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም፤ አልጋው ደግሞ በአንድ ሰው አይነሣም። ጫፉን እንደያዘ ቆሞ ጠበቀ። እትዬ ሸዋገነት ነጠላቸውን አጣፉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውት ሌላውን ጫፍ ያዙ፣ እና ወደ ጓሮ መሄድ ጀመሩ።

ማድ ቤቱ በር ላይ አልጋው ተቀረቀረ።

«ወደ ግራ» አሉ፤ ሳይዞሩ።

ወደ ግራ አዞረው።