በጨዋታ ሰዓት የሚወልቅ ቀበቶ

እኔና እማዬ ስንጣላ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ያን ሰሞን ደግሞ ጠዋት ማታ ነበር የምንጣላው፣ ያውም በቅያሳችን ምክንያት። እሷ ለሞተር ይከፈት ትላለች፣ እኔ ለባድሚንተን ይዘጋ እላለሁ። አንድ ድስት ሩዝ እየበላን ሁለት ጎራ ሆነን አረፍነው።

እውነቱን ለመናገር የእማዬ ነገር ይገባኛል። ምግብ እያበሰለች በሞተር ለደንበኞቿ ታደርሳለች፤ ቅያሱ ከተዘጋ በመስጊዱ በኩል ዞራ ነው የምትወጣው፣ ሾርባው እየቀዘቀዘባት። ግን የእኔስ? በሱራባያ ከተማችን ሙቀት፣ እጄን ብዘረጋ ከግድግዳ ግድግዳ በምነካበት ቤት ውስጥ የት ልዝለል? ያለችኝ ሜዳ እቺው ቅያስ ናት። መሬቷ ላይ በነጭ ቀለም አስምረን፣ መረቡን ከኛ መስኮት እስከ ጎረቤቴ እስከ ጋሊህ ቤት የብረት በር እንወጥራለን። ሞተር ሲመጣ መረብ መፍታት፣ ሲያልፍ ማሰር፣ ደግሞ መፍታት። ይሄ ጨዋታ ይባላል እንዴ? የዓሣ አጥማጅ ሥራ ነው እንጂ!

የሰፈሩ ሹም ፓክ ዋርሲቶ ጭቅጭቁ ሲሰለቻቸው ከዩኒቨርሲቲ ዳኛ አመጡ። ዳኛዋ ሴካር ትባላለች፣ ታላቃችን ስለሆነች ምባክ ሴካር እንላታለን። ሥራዋ ሰፈር ወጣቱን እንዴት እንደሚያንቀሳቅሰው ወይም እንደሚጎልተው ማጥናት ነው። ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ አደለችን፤ ቀበቶው ላይ የክብሪት ቀፎ የምታክል ሳጥን አለች፣ እሷ ናት እንቅስቃሴያችንን የምትመዘግበው። አንድ ሳምንት ቅያሱ ክፍት ሆኖ ተለካን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከአሥር ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ የመግሪብ አዛን ድረስ ተዘግቶ እንድንለካ ሆነ።

"ልጆቹ ከተንቀሳቀሱ ይዘጋል፤ ካልተንቀሳቀሱ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ማንም በሬን እንዳያንኳኳ!" አሉ ፓክ ዋርሲቶ። እማዬም እኔም እሺ አልን።

የተዘጋበት ሳምንት እንዴት ያለ ሳምንት ነበር! ገና ከትምህርት ቤት ስንመለስ መረቡ ተወጥሯል። ያልወጣ ልጅ የለም። ቤቱን ዘግቶ ስልኩ ላይ ተደፍቶ የሚውለው ልጅ ሁሉ ወጣ፤ ጎረምሳው ከኮረዳው፣ ቀጭኑ ከወፍራሙ። እኔማ ጋሊህን አምስት ቀን በተከታታይ አሸንፌ ስሙን አጠፋሁት። እማዬ ብቻ ከኩሽናዋ ንቅንቅ አላለችም። ግድ አልሰጠኝም፣ አሸንፈናታል ብዬ ነበር በሆዴ።

ስድስተኛው ቀን ላይ ምባክ ሴካር ኮምፒውተሯን ይዛ መጣች። ቀበቶዎቹን እየሰበሰበች አየቻቸው። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ከአሥር ሰዓት በኋላ ምን ትሆናላችሁ? ትተኛላችሁ እንዴ?" አለችን።

"ማን ነው የሚተኛው?" ጮህኩ። "ጋሊህን ጠይቂው፣ ላቡን በባልዲ ነው የምንቀዳው!"

"ተያት፣ ጉራዋ ነው" አለ ጋሊህ፣ "ግን አልተኛንም።"

ኮምፒውተሩን አዞረችልን። የእንቅስቃሴያችን መስመር ጠዋት ትንሽ ይዘላል፣ ትምህርት ቤት መውጫ ላይ ይዘላል፣ አሥር ሰዓት ሲሆን ዝርግት ብሎ ይቀራል። የሁላችንም! ቅያሱ ክፍት በነበረበት ሳምንት ይሻላል እንዲያውም፤ ሱቅ ስንላክ እንኳ ይታያል። ባጭሩ ሳጥኗ፣ የምንንቀሳቀሰው ሞተር ሲያልፍብን ነው ትላለች።

"ሳጥንሽ ታማለች!" አልኳት።

"ቆይ፣ ስትጫወቱ ቀበቶው የት ነበር?"

ሁላችንም ወደኛ መስኮት አየን። እዚያ ምስማር ላይ፣ እማዬ በጋረደችበት ንጹሕ ጨርቅ ሥር ነበር በየቀኑ የሚሰቀለው። የሰው ዕቃ ነዋ! እማዬ የመጀመሪያው ቀን፣ "ስትዘይ ብትሰብሪው ፊቴን ወዴት ላዞር ነው? አውልቂና ስቀይ!" አለችኝ። የጋሊህ እናትም ያንኑ፣ የሁሉም እናት ያንኑ። እኛም ራኬት ከማንሳታችን በፊት እንደ እንቁላል እየተጠነቀቅን እናወልቀው ነበር።

ምባክ ሴካር ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ትሳቅ ታልቅስ አላወቅኩም። "ገላችሁን ስትታጠቡ አውልቁ አልኩ እንጂ፣ ስትጫወቱ አታውልቁ ማለት አልመጣልኝም። ማን ያወልቃል ብዬ! እኔ ራሴ ቆሜ ስትጫወቱ አይቻችኋለሁ፣ ግን ዓይኔን መረጃ ነው ብዬ ማቅረብ አልችልም። የቀረን ነገ ብቻ ነው።"

ነገ! ነገ የጎረቤታችን የሬትኖ ሰርግ ነው። ድንኳኑ ቅያሱን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል።

ደሜ ፈላ። ቀጥታ ወደ ኩሽና ገባሁ። "አውቀሽ ነው አይደል? ቅያሱ እንዲከፈትልሽ ብለሽ ነው ያስወለቅሽን!"

የእማዬ ጭልፋ ቆመ። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ ይሄ ነው ያስደነገጠኝ። "ልጅቷ ዕቃዋን አምናን ሰጠችን፣ ኬናንጋ። እኔ ሰው ሲያምነኝ ተንኮል እሠራለሁ? በዚህ ነው የምታውቂኝ?" ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም፤ እልኸኛ ነኝ።

በሰርጉ ቀን ምባክ ሴካር የመለሰችልኝን ቀበቶ ከጠዋት ጀምሮ ከክት የባቲክ ልብሴ ሥር አሰርኩት። እኛ ሰፈር በሰርግ ቀን እንግዳ የሚያስተናግደው ወጣቱ ነው፤ ትሪ ተሸክመን ከኩሽና ድንኳን ስንመላለስ ዋልን። አሥር ሰዓት አለፈ፣ እንግዳው አይነሳም። መስመሮቻችን ላይ ወንበር ተደርድሯል። ምባክ ሴካር ጥግ ተቀምጣ ሰሃኗን በማንኪያ ትቆሰቁሳለች።

ለሙሽራዋ ውሃ ይዤ ቀረብኩ። ሬትኖ ራኬት አያያዝ ያስተማረችኝ፣ የቅያሳችን አንደኛ ናት።

"ምን ሆነሽ ነው በሰርጌ ቀን የተኮሳተርሽው?" አለችኝ።

በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩላት። ሬትኖ ሳቀች፣ የተቀባችው ዱቄት ከጉንጯ እስኪረግፍ ሳቀች። ከዚያ ብድግ አለች። "ወንበር አንሱ!"

"አንቺ ልጅ፣ ሙሽራ እኮ ነሽ!" አለች እናቷ።

"ሙሽራ እግር የለውም?" አለችና የጸጉሯን አበባ እየነቀለች ለባሏ አስያዘችው። ሰውዬው አበባውን ታቅፎ ቀረ፣ ምስኪን!

ወንበሩ ከእጅ ወደ እጅ እየተሻገረ በግድግዳው ጥግ ተከመረ። መረቡ ተወጠረ። ሬትኖ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል። ዘፋኟ ዘፈኗን ትታ በማይክራፎን ነጥብ መጥራት ጀመረች። "ሙሽራዋ መታች! ኬናንጋ መለሰች! ኧረ ወደ ድንኳኑ ጣሪያ!" አቤት ጩኸት! አቤት ጭብጨባ! ጋሊህ ገባ፣ ቀበቶ የታጠቀ ሁሉ ተራ በተራ ገባ፣ የሳጥኖቹ ቀይ መብራት በየወገባችን ብልጭ ብልጭ ይላል። ምባክ ሴካር ወንበር ላይ ቆማ ታጨበጭባለች። ልቤ ከደረቴ ልትወጣ ነው!

እንዲህ እያለን የሞተር ድምፅ ተሰማ። እማዬ ናት፣ ለማታ እንግዳ የሚሆነውን ድስት ጭና። ሁሉም ቀጥ አለ። ዘፋኟ እንኳ አፏን ዘጋች። ራኬቴን ከፍ እንዳደረግኩ ደርቄ ቀረሁ፤ ከእማዬ ጋር ከትናንት ጀምሮ አልተነጋገርንም።

እማዬ መረቡን አየች፣ ሙሽራዋን አየች፣ ወገቤን አየች። ሞተሩን አጠፋችና ወረደች። "ምን ትገትሪኛለሽ? ጨዋታ ላይ አይደለሽም?" አለችኝና ሞተሯን እየገፋች፣ ጎንበስ ብላ በመረቡ ጥግ አለፈች።

ፓክ ዋርሲቶ ሰሃናቸውን አስቀምጠው ወደ እማዬ ዞሩ። "ቡ ሱንዳሪ፣ ለካ ሞተር ተገፍቶም ያልፋል?"

"ዓይን የለዎትም እንዴ? አለፈ እኮ!"

ማታ ሹሙ ቤት ተሰበሰብን። የዕለቱ መስመር ከኮምፒውተሩ አናት ሊወጣ ደርሷል፤ ተቃቅፈን ጨፈርን። ምባክ ሴካር ግን ራሷን ነቀነቀች። "ደስ ብሎኛል፣ ግን አንድ ቀን ነው፣ ያውም የሰርግ ቀን። ግማሹ ትሪ መሸከም ነው። ይኸው አየን ብዬ አልዋሽም።" በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

እማዬ ተነሳች። "እንግዲያው እንደገና ይለካ፣ አሁን ሳያወልቁት። እስከዚያ ድረስ ከአሥር ሰዓት በኋላ ሞተር ያለው ሰው አጥፍቶ ይገፋል። እኔ ገፍቻለሁ፣ አልሞትኩም።" ፓክ ዋርሲቶ ዙሪያውን ተመለከቱ፣ እምቢ ያለ አልነበረም።

በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሞተሯን እየገፋች መጣች። ወደ ቤት ትገባለች ስል መረቡ አጠገብ ቆመች። አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። እማዬ እስከዚያ ቀን ድረስ ስጫወት አንድም ጊዜ አይታኝ አታውቅም ነበር። መረቡ ሥር የምትወድቀዋን፣ ጋሊህ ሮጦ የማይደርስባትን ምቴን መታሁ።

"እንዴ!" አለች። "ያቺን ድገሚያት እስኪ።"

"ከትናንት ወዲያ ላልኩሽ ይቅርታ፣ እማዬ" አልኳት፣ ሁሉም እየሰማ።

"ድገሚያት አልኩሽ እኮ!"

ደገምኳት።