በማንም ስም ያልታረደው ሰንጋ

ወልዱ የሕይወት ታሪኩን ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስቴም ተመለሰበት። ሰው የገዛ ሕይወቱን ጽፎ «ልክ አይደለም፤ አስተካክለህ አምጣ» ሲባል ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል። ወልዱ ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ የሳሙና ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖረው ኑሮ እርማት እንደሚያስፈልገው ግን፣ በዚያ በደርግ ዘመን የፓርቲው እጩ አባል እስኪሆን ድረስ የነገረው አልነበረም።

በመጀመሪያው ላይ እውነቱን ጻፈ፤ «አባቴ በድምፃቸው የታወቁ መሪጌታ ነበሩ» ብሎ። የፋብሪካው የፓርቲ ተጠሪ ጓድ ጉታ በቀይ እስክሪብቶ «ፊውዳላዊ ሽታ አለው» ብሎ መለሰለት። በሁለተኛው ላይ ምስኪኑ መሪጌታ «ጉሮሯቸውን በፊውዳሉ ሥርዓት የተበዘበዙ ጭቁን» ሆኑ። ጉታ ይህን ወደደው፤ ነገር ግን «ጓዱ ራሱ ከሃይማኖት ጋር ያለው ግንኙነት አልተብራራም» አለ። በሦስተኛው ላይ ወልዱ፣ አብዮቱ በፈነዳ ማግሥት ጠዋት ከአጉል እምነት ሙሉ በሙሉ መላቀቁን አበሰረ። ያን ጠዋት የት እንደነበረ ሚስቱ ብርቅነሽ በደንብ ታስታውሳለች፤ ቤተ ክርስቲያን ኪዳን ሲያስደርስ ነበር። ጉታ ይህንንም «በተግባር አልተረጋገጠም» ብሎ መለሰው።

ሙሉ አባል ባይሆን ምን ይቀርበታል ቢባል፣ እንጀራው አይቀርበትም። ግን እጩነት እንደ እርግዝና ነው፤ ወሩ ካለፈ ሰው መጠየቅ ይጀምራል። አብረውት እጩ የሆኑት ዓርማቸውን ደረታቸው ላይ ሰክተው ሲንጎራደዱ የእሱ ደረት ባዶ ቀረ። በስብሰባ ላይም አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው እየተመናመነ መጣ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ወልዱ ፈርቷል። ደግሞም ዓርማውን ወዶታል። ፍርሃትና ምኞት አንድ ላይ የገቡበት ሰው የማያደርገው የለም።

በዚህ መሀል የልጁ የጽጌረዳ ሠርግ ደረሰ። የሙሽራው አባት አቶ ስብሐት የቀጨኔ ሰው ናቸው፤ የመድኃኔዓለምን ማኅበር ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ አንድ ወር ሳያስታጉሉ የሚጠጡ። ወልዱ የጥሪ ወረቀቱን ለጉታም ወሰደለት። ጉታ ፈገግ አለና «ጥሩ ነው፤ ከጓዶች ጋር እንመጣለን። ተግባሩን እዚያ እናያለን» አለው። ጉታ የወልዱ ልጅ ቢሆን ይደርሳል፤ ነገር ግን «አንተ» ይለዋል። አንቱታ የፊውዳሉ ትርፍራፊ ነው ተብሎ በፋብሪካው ከተወገዘ ቆይቷል።

ወልዱ «ተግባር» የምትለውን ቃል ይዞ ሲያመነዥክ ሰነበተ።

በእነ ወልዱ ሰፈር የክርስቲያኑና የእስላሙ አጥር እንኳ አንድ ነው። ልጅ ሲወለድ ገንፎው የጋራ፣ ሰው ሲሞት ድንኳኑ የጋራ። የሚለያዩት በሥጋ ብቻ ነው። ስለዚህ የደገሰ ሰው ሁሉ ሁለት ያርዳል። ክርስቲያኑ የከብቱን አንገት ወደ ምሥራቅ አዙሮ «በስመ አብ» ይላል፤ እስላሙ ወደ ቂብላ፣ ከዚህ ሰፈር ሲታይ ወደ እንጦጦ ማለት ነው፣ አዙሮ «ቢስሚላሂ» ይላል። ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ ድግስ። በወልዱ ቤት ሁለተኛውን ቢላ የሚይዘው ምንጊዜም ጎረቤቱ ባለሱቁ ጀላል ነው፤ ሁለተኛውን ድስት የምትጥደው ደግሞ የጀላል ሚስት ሀጂራ።

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ወልዱ ጀላል ሱቅ ገባ።

«ዘንድሮ ሁለት ቢላ የለም» አለው። «አንድ ሰንጋ፣ ለአንድ ሕዝብ።»

ጀላል ስኳር እየመዘነ ነበር። «ይሁን። ማን ነው የሚያርደው?»

«እኔ።»

«ምን ብለህ?»

«ምንም። ንቃተ ኅሊና ላለው ሰው ሥጋ ሥጋ ነው።»

ጀላል የስኳሩን ማንኪያ አስቀመጠ። «ስማኝ ወልዱ። የእናንተን ብትልበት እኮ እኛ ዳቦ በልተን እንመርቃለን፤ አንዱ ወገን ይጠግባል። ምንም ካላልክበት ማን ሊበላው ነው?»

«ሰፊው ሕዝብ!»

«እሱ የመጣ ቀን አሳየኝ፤ አይቼው አላውቅም» አለ ጀላል። ይህን ያለው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ሌላ ገበያተኛ ነበርና።

ብርቅነሽ ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት። እውነት መሆኑን ስታውቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «ልጄን በጾም ልትድራት ነው?» አለች። «'በሬ ሆይ፣ ሳር አየህና ገደሉን ሳታይ' የተባለው እኮ ለሰንጋው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለባለቤቱ ኖሯል!» ወልዱ በአብዮት ጉዳይ ከሴት ጋር እንደማይከራከር ነገራት። የሴቶች እኩልነት የሚል ትልቅ ወረቀት ግን እሱ ራሱ ነበር ፋብሪካው በር ላይ የለጠፈው።

ቅዳሜ ጠዋት ሰንጋው ተጣለ። እግሩን ጠፍረው የያዙት የሰፈሩ ጎረምሶች «ጋሼ፣ አንገቱን ወደየት እናዙረው?» ብለው ጠየቁ። ወልዱ ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀም። ወደ ምሥራቅ ቢያዞረው የአባቱ ሃይማኖት ነው፤ ወደ እንጦጦ ቢያዞረው የጀላል። ቢላውን እንደያዘ ዙሪያውን ቃኘና «ወደ አብዮት አደባባይ!» አለ። ሰንጋው እየተጎተተ ወደ ደቡብ ዞረ። ቢላው አንገቱ ላይ ሲያርፍ የወልዱ አፍ ከልጅነቱ የለመደውን ሊል ተከፍቶ ነበር፤ ጥርሱን ነክሶ ዋጠውና «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!» ብሎ ጮኸ። ለሰንጋው የደረሰው ሁለተኛው ነው።

ብልት ሊያወጡ የመጡት ሰዎች ያን ሁሉ ሥጋ ሲያወራርዱ ከትኩሱ አንዲት ቁራጭ አልቀመሱም። ይህ በጉለሌ ታይቶ አይታወቅም። ሥራቸውን ጨርሰው እስከ ክርናቸው ታጥበው ሄዱ። ቆዳው ተገፎ ሳያልቅ ወሬው ቀጨኔ ደርሶ ነበር።

እሑድ ዳሱ ሞላ። ወጡም፣ ጥብሱም፣ ቁርጡም ከዚያው ከአንዱ ሰንጋ ነው። ያን ጊዜ በሰፈሩ ተሰምቶ የማያውቅ የጨጓራ ወረርሽኝ ገባ። የዕድሩ ዳኛ ሐኪም ሥጋ ከልክሎኛል አሉ፤ ትናንት ሉካንዳ በር ላይ ያያቸው ሰው አጠገባቸው ተቀምጧል። እሱ ደግሞ ጥርሱን አሞታል። ወይዘሮ መሰለች ጾመኛ ነኝ አሉ። «በእሑድ?» ቢሏቸው «የግሌ ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እነ ጀላል በጨዋ ደንብ ዳቦና ለስላሳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሁሉም ሁሉንም ያውቃል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ ሥጋው ተከምሮ ሰው ደረቅ ዳቦ ይገምጣል።

ሙሽራው ከነአጃቢው ገባ። አቶ ስብሐት የቀረበላቸውን ትሪ ሳይነኩ ወልዱን ወደ ጥግ ጠሩት።

«አቶ ወልዱ፣ ጥል አልፈልግም» አሉ። «ሳንቀምስ ሙሽራ ይዘን ብንወጣ ግን ነገ አገር ምን ይላል? እንጀራ ያልተቆረሰበት ዝምድና ዝምድና ነው? ልጅቷ ዕድሜ ልኳን ስሟ ይነሳበታል። ይህን ሥጋ ደግሞ መብላት አልችልም። እርስዎ ምን ይሻላል ይላሉ?»

በዚህ መሀል ጓድ ጉታ ከሁለት ጓዶች ጋር ብቅ አለ። ወልዱ ነፍሱ መለስ አለች። ቢያንስ እነዚህ ይበላሉ! የክብር ቦታ አስቀመጣቸው፤ ከሽንጡ ራሱ ቆርጦ፣ አዋዜና ሚጥሚጣ አስከትሎ አቀረበላቸው። ጉታ ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ስለዋለ ርቦታል። ቢላውን አነሣና ድንገት ጎንበስ ብሎ ጠየቀ።

«ማን ነው ያረደው?»

ወልዱ ደረቱን ነፋ። «እኔ ራሴ! በማንም ስም አልታረደም። ከማናቸውም አጉል እምነት የጸዳ ሥጋ ነው፣ ጓድ ጉታ!»

ጉታ ቢላውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «እ... ማለቴ፣ በጣም ጥሩ ነው። ትልቅ እርምጃ ነው። ግን ሰሞኑን ጨጓራዬን...» የሁለቱም ጓዶች ጨጓራ በዚያው ቅጽበት ታመመ። «አንተ ቅደም፣ ጓድ ወልዱ» አለ አንደኛው። «አርአያ ሁነን።»

ወልዱ አንድ ቁራጭ ጎረሰ። አኘከ፤ አላልቅ አለው። አባቱ፣ እነዚያ ጉሮሯቸውን ተበዘበዙ የተባሉት መሪጌታ፣ ቆሎ እንኳ ሳይባርኩ አፋቸው አያስገቡም ነበር። ሥጋው ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው ይዞራል እንጂ አልወርድ አለ። ሙሽራዋን የሚያይ መስሎ ወደ ጓዳ ገባና በመሐረቡ ተፋው።

ጽጌረዳ በነጭ ቬሎዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «አባዬ» አለችው፤ «ሰዉ ሳይበላ ሊበተን ነው? ይሄ የኔ ሠርግ ነው ወይስ ያንተ ግምገማ?»

ወልዱ አፈረ። ይህችን ልጅ ይወዳታል። ከዓርማውም፣ ከፍርሃቱም፣ ከራሱም አብልጦ ይወዳታል። በሦስቱም የሕይወት ታሪኩ ላይ ግን ይህን አንድም ቦታ አልጻፈውም።

እንባዋን በመዳፉ ጠረገላትና ወጣ። ጉታ እያየው በዳሱ መሀል አልፎ ጀላል ፊት ቆመ። «ወንድሜ፣ በደልኩህ» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ከየትም ብለህ በግ ፈልግልኝ።»

«ምን ያስፈልጋል?» አለ ጀላል እየተነሣ። «ከትናንት ጀምሮ ሱቁ ጓሮ ሁለት አስሬ እየቀለብኩ ነው። አንዱን እኔ አርደዋለሁ። ያንተን ግን ላርድልህ አልችልም፤ አፍህ እስኪመለስልህ ስጠብቅ ነበር።»

ወልዱ አዲሱን ኮቱን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበ። በጉን ወደ ምሥራቅ አዞረ። ከዚያ ያን ከአባቱ የወረሰውንና ስንት ዓመት ያፈነውን ድምፅ ለቀቀው፤ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ!» ዳሱ ሁሉ ሳያስበው «አሜን!» አለ፤ ከጉታ ጋር ከመጡት ጓዶች አንደኛው ከሁሉም ጮክ ብሎ። ከአጥሩ ማዶ የጀላል «ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር» ተሰማ። ወልዱ ዓርማው ከደረቱ ላይ ሳያርፍ ሲበርር ታየው። ይብረር፣ አለ በልቡ።

ጥብሱ ሲደርስ የሰፈሩ ጨጓራ ሁሉ ተፈወሰ። ሁለት በግ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ምን ይበቃል? ለእያንዳንዱ ጉርሻ ቢደርሰው ነው፤ ያማረረ ግን አልነበረም። አቶ ስብሐት ወልዱን አጎረሱት፤ እሱም አጎረሳቸው። ዝምድናው ታሰረ። ወይዘሮ መሰለችም ጾማቸውን ፈቱ።

በመጨረሻ ጓድ ጉታ ሰሃን ይዞ ተነሣ። በቀኝ ብርቅነሽ፣ በግራ ሀጂራ በየምድጃቸው ቆመዋል። ዳሱ ሁሉ ዞሮ አየው። የፋብሪካውን ሰው ሕይወት ሁሉ አንብቦ በቀይ ያረመው ጉታ ነው፤ የእሱን ያነበበ ግን የለም። በሁለቱ ምድጃዎች መሀል ቆሞ የዳሱን ጌጥ የሚያደንቅ መሰለ። ከዚያ ርሃቡ አሸነፈውና ወደ ግራ ሄደ።

ሀጂራ የተሳሳተ መስሏት «ልጄ፣ ይሄ የኛ ነው፤ የክርስቲያኑ እዚያ ነው» አለችው በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አለ ጉታ፣ ከእሷም ዝቅ ባለ ድምፅ። «እናቴም እንዲህ ነበር የምትጠብሰው።»

ሀጂራ ሰሃኑን ሞላችለት። ከዚያ ሰው እንዳያይ በገላዋ ከልላ ጨመረችለት።

ጽጌረዳ በአባቷም በጀላልም ተመርቃ፣ በእልልታ ወጣች። የሰንጋው ሥጋ ለሰፈሩ ውሾች ተጣለ፤ እነሱ የንቃተ ኅሊና ችግር አልነበረባቸውም።

ሰኞ ወልዱ የሕይወት ታሪኩን ለአራተኛ ጊዜ ጻፈ። «አባቴ መሪጌታ ነበሩ» ብሎ ጀምሮ «ልጄን እወዳታለሁ፤ በሁለት ቢላ ዳርኳት» ብሎ ጨረሰ። ማክሰኞ ጠዋት ለመባረር ተዘጋጅቶ ጉታ ቢሮ ገባና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ጉታ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። እስከ መጨረሻው አነበበው። ቀዩን እስክሪብቶ አነሣ፣ ከፈተው፣ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ እንዳንዣበበ ቆየ።

«ሙሽሮቹን መልስ የምትጠሯቸው መቼ ነው?» አለ።

«ሐሙስ።»

«ማን ነው የሚያርደው?»

«እኔና ጀላል። በየፊናችን።»

ጉታ ምንም ሳይጽፍ እስክሪብቶውን ከደነ። ወደ በሩ አየ፤ ወደ መስኮቱም አየ።

«እመጣለሁ፣ ጋሼ ወልዱ» አለ። «ለእትዬ ሀጂራ ግን አንድ ነገር ይንገሩልኝ፤ የኔን ሰሃን ከአጥሩ ማዶ ያስቀምጡልኝ።»