«ልቀቁኝ» ሲል የሚጨበጨብለት ሰው

የፓርቲው ሊቀመንበር ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ሕዝብ ፊት የሚቆምባቸውን ኮቶች ሁሉ የሰፋችው እሷ ስለሆነች፣ በዚህ ዓመት ምን ያህል እንደከሳ ከሐኪሙም ቀድማ አውቃለች። ለጉባኤው የሚለብሰውን ኮት ከጎንና ከጎኑ አጥብባ ስታበቃ፣ አስለክታው እንደገና አጠበበችው።

እሷ ድሮም የሚታያት ክፉ ክፉው ነው። ስልክ በጠዋት ከጮኸ ሰው ሞቷል፤ ልጇ ከሥራ ትንሽ ካመሸች መኪና ገጭቷታል። ቤተሰቡ ይስቅባታል። «እማዬ ጃንጥላ የምትይዘው ለዝናብ አይደለም፣ ሰማዩ ሲወድቅ ልትከላከል ነው» ትላታለች ነርሷ ልጇ። ባለፈው ወር ባሏን መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተዘርሮ ስታገኘው ግን የሳቀ አልነበረም።

ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰም። ልቡ ደክሟል። ሩጫው፣ ጭቅጭቁና ስብሰባው ካልቀረ ሌላ ዓመት ማየቱ ያጠራጥራል አለ። ቤት ሲገቡ ልጅቷ አባቷን አልጋው ላይ አስተኝታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ሐኪሙ በጨዋ አንደበት ነው የነገረህ። እኔ ደግሞ እንደ ልጅ ልንገርህ። ወይ ወንበሩን ትለቃለህ፣ ወይ እኛ ቀብረንህ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል።»

«እለቃለሁ» አለ። «በዚህ ጉባኤ እለቃለሁ። ግን ሕመሜን አንድ ሰው እንዳይሰማ። ‹ምስኪን› እየተባልኩ መሸኘት አልፈልግም።» ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺን ነው። በሞቴ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ።»

«አልልም» አለች። ቃሏን ሰጠች።

ችግሩ ሌላ ነበር። ባሏ «ልቀቁኝ» ሲል ይኼ የመጀመሪያው አይደለም። በዚያ ፓርቲ የሊቀመንበር ምርጫ የሚካሄደው እንዲህ ነው፦ ሊቀመንበሩ ይነሳል፤ ደክሞኛል፣ ልቀቁኝ፣ ለወጣቶች ዕድል ስጡ ይላል። አዳራሹ «አንለቅዎትም!» ብሎ ይነሳል። ጭብጨባው ይቀልጣል። ሊቀመንበሩ መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ይጠርግና «እንግዲህ ካዘዛችሁኝ ምን አደርጋለሁ» ይላል። በቃ፣ ተመረጠ። ፓርቲውን የመሠረቱት ሰውዬ በዚሁ ዓይነት እስኪሞቱ ቆዩ። ባሏም ከእሳቸው ተቀብሎ በየጉባኤው «ልቀቁኝ» እያለ ፀጉሩ ሸበተ። እሱ መስተዋት ፊት ሲለማመድ እሷም ልብስ እየተኮሰች «እዚህ ጋ መነጽርህን አውልቅ» እያለች ታርመው ነበር። ያኔ ሁለቱም ይስቃሉ።

የጉባኤው ዕለት ጠዋት ኮቱን እያለበሰችው ጠየቀችው።

«የምርህን መሆኑን በምን ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ።»

«በምን?»

«በዓይኔ ይታያላ!»

«መጨረሻ ረድፍ ያለው ሰው ዓይንህ አይታየውም። ያው ‹ልቀቁኝ› ነው የሚሰማው።»

 ቁልፉን ቆለፈችለት። የፓርቲው ደንብ ላይ አንድ አንቀጽ አለ አላት። አንድ ጉባኤተኛ መልቀቂያው ተቀባይነት እንዲያገኝ ሐሳብ ካቀረበ፣ ሌላው ከደገፈው፣ ከግማሽ በላዩ ደግሞ እጁን ካወጣ ሊቀመንበሩ ይወርዳል።

«ታዲያ እንደዚያ ያለ ሰው ኖሮ ያውቃል?»

«ማን ይደፍራል? ሰውየውን ፊቱ ላይ እንደመትፋት ነው እኮ የሚቆጠረው።»

እሷም የሰፈሯ ቅርንጫፍ ተወካይ ናት። ስሟ የተጻፈበትን ካርድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አብራው ወጣች።

አዳራሹ በር ላይ የፓርቲው ጸሐፊ ተቀበላቸው። «ማይኩ» ነው የሚሉት፤ የድምፅ ማጉያ እጁ ከገባ የሚነጥቀው ስለሌለ ነው። ጉባኤውን የሚመራውም፣ ጭብጨባውን የሚያስጀምረውም እሱ ነው። ሊቀመንበሩ በቆየ ቁጥር እሱም ከጎኑ ይቆያል። ባሏ ወደ መድረኩ ሲያልፍ ጸሐፊው እሷን በሻይ ያዛት።

«እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ እንዴት አድርገው ያስለቅሱን ይሆን!»

«ዛሬ የምሩን ነው የሚለው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ማይኩ ሳቀ። «ሁልጊዜስ የምራቸውን አይደል? እሱን እኮ ነው የምንወድላቸው!»

ሻዩን ሳትቀምሰው መለሰችለትና ገብታ ከጓደኛዋ ከዳቦ ጋጋሪዋ አጠገብ ተቀመጠች። አዳራሹ ሞልቷል። መድረኩ ላይ ምክትል ሊቀመንበሯ፣ ባለ መድኃኒት ቤቷ ሴትዮ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። ምክትሏ ትንፍሽ ካለች «ወንበር አማራት» መባሏ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ወንበር ላይ እንደ ፎቶግራፍ ነበር የምትቀመጠው።

ባሏ ተነሳ። ወረቀት አልያዘም።

«ወገኖቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው እንድትመርጡ እጠይቃለሁ። መቀጠል አልችልም» አለ። ድምፁን አላሳዘነም፣ መነጽሩንም አላወለቀም።

ማይኩ መዳፉን አንዴ አጋጨ፤ አዳራሹ ተከተለው። «አንለቅዎትም!»

«አትቸኩሉ፣ ስሙኝ። የምሬን ነው።»

ጭብጨባው ባሰ። ከኋላ በኩል የተቀመጡት እግራቸውንም ይደበድቡ ጀመር።

«እባካችሁ...» አለ ለሦስተኛ ጊዜ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሰማ የለም። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ ጠና ያሉ አናጺ ተነስተው እያለቀሱ ያጨበጭባሉ። ዳቦ ጋጋሪዋም ታጨበጭባለች። «ዘንድሮስ በለጡ!» አለች በጓደኛዋ ጆሮ።

ሚስትየዋ ባሏን ብቻ ነበር የምታየው። መጀመሪያ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ጭብጨባው ሲረዝም ግን ደም እየተመለሰበት መጣ። ትከሻው ቀና አለ። ከንፈሩ ጥግ ላይ ለሌላ ሰው የማይታይ፣ እሷ ግን ከወጣትነቱ ጀምራ የምታውቀው ፈገግታ ብቅ አለ። ቀኝ እጁ ቀስ እያለ ወደ ኪሱ ሄደ። መሐረቡ! ከመሐረቡ ቀጥሎ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር እሷ በቃሏ ታውቀዋለች።

ተነስታ እጇን አወጣች።

«አየሽ፣ ባለቤታቸውም ተነሡ!» አለ አንዱ። ማይኩ ፈገግ ብሎ ጭብጨባውን በእጁ አበረደው። «እትዬ ስሜታቸውን ሊገልጹልን ነው። ማይክ አድርሱላቸው።»

የድምፅ ማጉያውን ተቀበለች። 

«ጉባኤው የሊቀመንበሩን መልቀቂያ እንዲቀበል ሐሳብ አቀርባለሁ።»

 አዳራሹ ከየአቅጣጫው በጩኸት ፈነዳ።

«እንዴ! ቤት ውስጥ ተጣልታችሁ ነው እንዴ?»

«እራት ላይ ትጨርሱታላችሁ! እዚህ ምን አመጣው?»

«ማን ከፍሏት ነው?»

ይኼኛው አመማት፤ ግን አልተቀመጠችም። ማይኩ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደደረቀ «ምክንያትዎን ያስረዱን እስቲ፣ እትዬ» አላት።

ምክንያቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። መታጠቢያ ቤቱ፣ ወለሉ፣ የከንፈሩ መጥቆር። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብትናገር አዳራሹ በሙሉ ከንፈሩን ይመጥላት ነበር። ባሏ ከመድረክ ላይ ዓይኑን ተክሎባታል። ለሰጠችው ቃል ስትል ዋጠችው።

«ምክንያቴ እሱ የተናገረው ነው» አለች። «ሦስት ጊዜ ለመናችሁ። አንዱንም አልሰማችሁትም።»

«ስለምንወዳቸው ነዋ!» አለ አንድ ጎረምሳ።

«የሚወዱት ሰው ሲናገር ይደመጣል። እናንተ ግን አፉን በከፈተ ቁጥር ታጨበጭቡበታላችሁ። እኔ ሰምቼዋለሁ። የምሩን ነው። ሐሳቤን አላነሳም።»

«እሺ» አለ ማይኩ፤ አሁን ድምፁ ቀዝቅዟል። «ደጋፊ አለ?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሚስትየዋ ወደ ዳቦ ጋጋሪዋ ዞረች። ዳቦ ጋጋሪዋ የገዛ ጫማዋን እንደ አዲስ ዕቃ ትመረምራለች።

«እኔን አትይኝ፣ አፈር ስሆን» አለች ሳትቀና። «ልጄን ቢሮ ያስቀጠረልኝ ማይኩ ነው።»

አልተቀየመቻትም። ቆማ ቀረች እንጂ። ቆማ ሳለችም እንደ ልማዷ ክፉ ክፉው ሁሉ መጣባት፦ ደንበኞቿ ጨርቃቸውን መልሰው ሲወስዱ፣ ሰፈር ውስጥ «ባሏን የጣለች» ስትባል፣ ባሏ ሻንጣውን ይዞ ወንድሙ ቤት ሲገባ። አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ከመታጠቢያ ቤቱ ወለል ጋር አስተያየቻቸው። አንዳቸውም አልደረሱበትም። 

«ደጋፊ ስለሌለ» አለ ማይኩ ከወዲሁ እየተዝናና፣ «ሐሳቡ ውድቅ...»

«ቆይ።»

ሊቀመንበሩ ነበር። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ግንባሩ ላይ ያለችው ጅማት ተገትራለች፤ በጣም ሲናደድ ነው የምትገተረው። ሚስቱን ሊያዋርዳት ነው ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም። እሷም እንደዚያው ነበር የጠበቀችው፤ ከመቼ ወዲህ ነው ደህና ነገር የምትጠብቀው? ባሏ ግን ያን ሁሉ ሰው አቋርጦ ያየው፣ ብቻዋን መቆሟን ነበር። ኪሱ ውስጥ የነበረውን እጁን አወጣው። መሐረብ አልያዘም።

«እኔም እንደ ማንኛችሁም ከቅርንጫፌ ተወክዬ ነው የመጣሁት። ድምፅ አለኝ፣ አይደለም?»

«አለዎት እንጂ፣ የተከበሩ ሊቀመንበር...»

«ሐሳቡን እደግፋለሁ።»

አንድ ሰው ሳቀ። ሳቁ ረድፍ ከረድፍ እየተቀባበለ ሄደና ሳይታሰብ ቆመ። ሰዉ ነገሩ ቀልድ አለመሆኑ ገባው። ማይኩ ደንቡን ገለባበጠ፤ ሊቀመንበር መደገፍ አይችልም የሚል ቢፈልግ አጣ።

«እንግዲያው በጭብጨባ...»

«ደንቡ በእጅ ነው የሚለው» አለ ሊቀመንበሩ።

የዚያን ጊዜ የሆነው ለማየት ያስቅ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ለፓርቲው እጁን ያነሳው ለማጨብጨብ ብቻ ስለነበር፣ አንድ እጅ ብቻውን ማውጣት ጨነቀው። ገሚሱ እስከ ጆሮው አንስቶ ጆሮውን የሚያክ መሰለ። መጀመሪያ ክንዳቸውን ቀጥ አድርገው ያወጡት እያለቀሱ የነበሩት አናጺ ናቸው። «ሰውየው እኮ ለመነን!» አሉ ዞር ብለው። ከኋላ ተከተሏቸው። ዳቦ ጋጋሪዋም ከፊቷ ባለው ረዥም ሰው ተከልላ እጇን ወደ ላይ ሰደደች። ሁለቴ ተቆጠረ። በጥቂት ድምፅ ብልጫ አለፈ።

የቀድሞው ሊቀመንበር ከመድረኩ ወረደ። የት እንደሚቀመጥ እሱም አላወቀም፣ ሌላውም አልነገረው። ዳቦ ጋጋሪዋ ወንበሯን ለቀቀችለትና ከሚስቱ ጎን ተቀመጠ። ትንፋሹ አጭር አጭር ነበር።

«መሳቂያ አደረግሽኝ» አላት በጥርሱ መሐል።

«አዎ።»

«በሕዝብ ፊት!»

«አዎ። ተቆጣኝ። ዘንድሮም ተቆጣኝ፣ ለከርሞም ተቆጣኝ። እኔ የምፈልገው እሱን ነው።»

 ማይኩ መድረክ ላይ ከምክትሏ ጋር ይንሾካሾካል።

«ልትቀበላቸው ነበር» አለችው።

«አልነበርኩም።»

«መሐረብህን ልታወጣ ነበር።»

ጉልበቱን ያሻሽ ጀመር። «ጭብጨባው... ደስ ይላል እኮ» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ» አለችና ክንዷን በክንዱ ውስጥ አስገባች። እጁ ቀዝቅዟል፤ ወዲያው ክፉ ነገር አሰበች፤ የልብ ትርታውን በጣቷ ፈልጋ እስክታገኘው ድረስ አልተነፈሰችም።

ዕጩ መጠቆም ተጀመረ። አንዲት አስተማሪ ምክትሏን ጠቆመች፤ ሌላዋ ደገፈች። አንድ ነጋዴ ደግሞ ማይኩን ጠቆመ፤ ደጋፊም ሳይጠፋ ተገኘ። ሁለት ዕጩ! በዚያ አዳራሽ ታይቶ አያውቅም። ማይኩ ራሱ ዕጩ ሆኖ ሳለ መድረኩን አልለቀቀም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወገኖች፣ ሰዓቱም እየሄደ ነው። ለማን ሞቅ ያለ ጭብጨባ እንደሚሰጥ ሰምተን...»

የቀድሞው ሊቀመንበር የወንበሩን ጠርዝ ጨብጦ ብድግ ሊል ሲል ሚስቱ ኮቱን ያዘችው።

«ልብህን!»

«ልቀቂኝ፣ አንድ ቃል ብቻ...»

«በእጅ!» የሚል ድምፅ ከመጨረሻው ረድፍ መጣ። ማን እንደሆነ አልታየም። «በእጅ ይቆጠር!» አለች አስተማሪዋ። «ከመድረኩም ውረድ፣ ዕጩ ነህ!» አለ ያ ጎረምሳ፤ የዳቦ ጋጋሪዋ ድምፅም ከመካከላቸው ተሰማ። ማይኩ ግራ ቀኙን አየ፤ የድምፅ ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ባሏ ተመልሶ ተቀመጠ። ቅር ብሎታል።

«እኔ ልለው ነበር እኮ» አለ።

«ብለውታል» አለችው። «አንተ አርፈህ እጅህን አውጣ።»